በዓምዶች መካከል ያለው ክፍተት፦ የባር ቻርትና የሂስቶግራም ታሪክ ከዌስት አዳምስ ሲታይ

በሎስ አንጀለስ፣ አዳምስ ቡልቫርድና ዌስተርን አቬኑ በሚገናኙበት ማእዘን፣ በ1949 ተሠርቶ ያለቀ አንድ ታላቅ ሕንፃ ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ንድፉን ያወጣው ፖል ሪቪር ዊሊያምስ የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር በ1923 የተቀበለው የመጀመሪያው ጥቁር አባል ነው። በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቻርልስ አልስተንና ሄል ውድረፍ የጥቁሮችን የካሊፎርኒያ ታሪክ ሥለውበታል። ሕንፃው የጎልደን ስቴት ሚውቹዋል የሕይወት መድን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር።

አንድ የመድን ኩባንያ የራሱን ሕንፃ ማሠራቱ የሚደንቅ አይደለም። የሚያጠያይቀው፣ ጥቁር አሜሪካውያን የሕይወት መድን ለመግዛት የራሳቸውን ኩባንያ ማቋቋም ለምን አስፈለጋቸው የሚለው ነው። «በዘረኝነት ምክንያት» የሚለው አጭር መልስ እውነት ነው፤ ሆኖም ጎዶሎ ነው። ዘረኝነቱ ባዶ እጁን አልመጣምና። መጽሐፍ፣ ሰንጠረዥና የሞት ምጣኔ ይዞ ነበር የመጣው። ቁጥሮቹ የተደረደሩበት መንገድ ደግሞ ዛሬ በትምህርት ቤት የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፍ ጥያቄን ይነካል፦ መረጃን ለማሳየት ባር ቻርት ይሻላል ወይስ ሂስቶግራም? የመማሪያ መጽሐፉ መልስ የታወቀ ነው፤ ለምድቦች ባር ቻርት፣ ለሚለካ ነገር ሂስቶግራም። መጽሐፉ የማይነግረው ግን ሰዎችን በተመለከተ ያ ምርጫ ከሥዕል ምርጫ በላይ መሆኑን ነው። ሰው በምድቡ ይታይ ወይስ በልኩ የሚለውን አስቀድሞ የሚወስነው ምርጫው ነው።

ሁለት የሚመሳሰሉ ሥዕሎች

ሁለቱ ሥዕሎች ለዓይን መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ዓምዶች ናቸው። ልዩነታቸው በመጀመሪያ እይታ ከቁም ነገር የማይጣፍ ነው፤ በባር ቻርት ዓምዶቹ ተራርቀው ይቆማሉ፣ በሂስቶግራም ግን ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ። ይሁን እንጂ ያ ክፍተት የራሱ ትርጉም አለው።

ባር ቻርት ምድቦችን ያወዳድራል። ወደ ውጭ የተላከው ቡና፣ ሰሊጥና ቆዳ ያስገኘው ገንዘብ በሦስት ዓምዶች ቢሣል፣ በቡናና በሰሊጥ መካከል ምንም ነገር የለም። ግማሽ ቡና ግማሽ ሰሊጥ የሆነ ሸቀጥ ስለሌለ ክፍተቱ እውነት ይናገራል። የዓምዶቹን ቅደም ተከተል ቢለዋውጡት ትርጉሙ አይፋለስም። የዓምዱ ወርድም ምንም አይናገርም፤ የሚነበበው ቁመቱ ብቻ ነው።

ሂስቶግራም ግን የአንድን የሚለካ ነገር ሥርጭት ያሳያል፤ የዕድሜን፣ የገቢን፣ የሰውነት ቁመትን፣ የዝናብ መጠንን። በ29 ዓመትና በ30 ዓመት መካከል ባዶ ቦታ ስለሌለ ዓምዶቹ ይነካካሉ። ቅደም ተከተላቸውን የሚወስነው የቁጥሩ መስመር ነውና ማንም ሊያዛውረው አይችልም። ከሁሉ በላይ፣ በሂስቶግራም ብዛትን የሚናገረው የዓምዱ ቁመት ብቻ ሳይሆን ወርዱ በቁመቱ ተባዝቶ የሚሰጠው ስፋት ነው። አንዱ መደብ አሥር ዓመት፣ ሌላው ሃምሳ ዓመት የሚሸፍን ከሆነ፣ ሰፊው መደብ ብዙ ሰው የያዘው ወርዱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው ባር ቻርት ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር በ1786 ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ ውስጥ፣ ስኮትላንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአሥራ ሰባት አገሮችና ግዛቶች ጋር ያደረገችውን ንግድ በዓምዶች ሣለ። ይህን ያደረገው ከችግር የተነሣ ነበር። ለሌሎቹ ሥዕሎቹ የብዙ ዓመታት ቁጥር ስለነበረው በመስመር የጊዜን ጉዞ ማሳየት ችሏል፤ ለስኮትላንድ ግን የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ነበር ያገኘው። ፕሌይፌር ራሱ ይህን ሥዕሉን የጊዜ ልኬት የሌለው በመሆኑ ከሌሎቹ አሳንሶ ያየው ነበር።

ሂስቶግራም ስሙን ያገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ቃሉን ያወጣው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ካርል ፒርሰን ሲሆን፣ በ1891 በለንደን ግሬሻም ኮሌጅ በሰጠው ትምህርት ተጠቅሞበት በ1895 ደግሞ በጽሑፍ አሳተመው። በእነዚያ ዓመታት ፒርሰን ወዳጁ የእንስሳት ሊቅ ራፋኤል ዌልደን ከኔፕልስ ባሕር ያመጣቸውን የአንድ ሺህ ሸርጣኖች ልኬት ይመረምር ነበር። ከልኬቶቹ አንዱ ሚዛኑን የጠበቀ አንድ ኮረብታ አልሆነም፤ ወደ አንድ ጎን አጋደለ። ፒርሰን በ1894 ባወጣው ጽሑፍ ያ የተዛባ ኮረብታ የሁለት ኮረብታዎች ድምር ሊሆን እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። አንድ ዓይነት የተባሉት ሸርጣኖች በውስጣቸው ሁለት ወገን ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ዌልደን የሸርጣኖቹን አማካይ ብቻ ይዞ ቢቀር ኖሮ ይህ ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር።

ዕድሜ ወይስ ቆዳ

የሕይወት መድን ከጥንቱ የሥርጭት ንግድ ነው። ማን መቼ እንደሚሞት የሚያውቅ የለም፤ ከሺህ ሰዎች በየዕድሜው ስንቱ እንደሚሞት ግን በግምት ማወቅ ይቻላል። የኮከብ ተመራማሪው ኤድመንድ ሃሌይ በ1693 ከብሬስላው ከተማ መዝገብ ተነሥቶ ያዘጋጀው የዕድሜ ሰንጠረዥ ይህንኑ ሠራ። ከዚያ በኋላ የመድን ዋጋ የሚተመንበት ዋናው ልክ ዕድሜ ሆነ፤ ዕድሜ ደግሞ በመስመር ላይ ያለ ነገር ነው፣ ከአንዱ ወደሚቀጥለው ክፍተት የለበትም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የአሜሪካ ታላላቅ የመድን ኩባንያዎች በዚህ መስመር ላይ ግድግዳ አቆሙ። ፕሩደንሻል የተባለው ኩባንያ በ1881 ለጥቁር ደንበኞች፣ ነጮች በሚከፍሉት ተመሳሳይ ክፍያ፣ የሚሰጠውን የመድን ገንዘብ በሲሶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በ1884 እንዲህ ያለውን አድልዎ በሕግ ከለከለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ኩባንያዎቹ ያገኙት መውጫ ቀላል ነበር፤ ለጥቁሮች መድን መሸጣቸውን ተዉት። ለዚህ ግን ሳይንስ የሚመስል ምክንያት ያስፈልግ ነበር።

ምክንያቱን ያቀረበው የፕሩደንሻል የስታቲስቲክስ ባለሙያ ፍሬድሪክ ሆፍማን ነው። ጀርመን የተወለደው ሆፍማን በ1896 የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ማኅበር ባሳተመለት መጽሐፍ የጥቁሮችንና የነጮችን የሞት ምጣኔ ከተማ በከተማ አስተያየ። የጥቁሮቹ ከፍ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ መንሥኤው የኑሮ ሁኔታ ሳይሆን የዘር ባሕርይ ነው፣ ዘሩም ወደ መጥፋት እያመራ ነው ሲል ደመደመ። የውጭ አገር ተወላጅ በመሆኑም ከወገንተኝነት ነጻ እንደሆነ ጻፈ።

መጽሐፉ በአብዛኛው የሰንጠረዥ መጽሐፍ ነው፤ አስተሳሰቡ ግን የባር ቻርት አስተሳሰብ ነው። ሁለት ምድቦች አሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቁመት ተሰጥቷል፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። በነጮቹ ዓምድ ውስጥ ባለጸጋና ድኻ፣ ንጹሕ ውኃ የሚጠጣና ከቆሻሻ ቦይ አጠገብ የሚኖር ሁሉ አንድ ላይ ተጨምቀዋል። በጥቁሮቹም እንዲሁ። የዓምዶቹ ቁመት ከተበላለጠ በኋላ ልዩነቱን የሚያስረዳው ነገር ከዓምዶቹ ስም በቀር በሥዕሉ ላይ የቀረ የለም። አንባቢው «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ሥዕሉ ሊሰጠው የሚችለው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ዘሩ ነው»። ድምዳሜው ከቁጥሩ የወጣ ይምሰል እንጂ በአደራደሩ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ዓምዱ ሲከፈት

ከመጀመሪያዎቹ ሐያስያን አንዱ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ኬሊ ሚለር ነበር። ሌላው ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቱ የነበረው ዊሊያም ዱ ቦይስ ነው። ዱ ቦይስ በ1897 መጀመሪያ ባሳተመው ሂስ፣ በአንዳንድ የአውሮፓ ከተሞች የነጮች የሞት ምጣኔ ሆፍማን የዘር መጥፊያ ምልክት ካለው ቁጥር ጋር የሚተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ እንደሆነ አመለከተ። ነጮቹ እየጠፉ ነው ያለ ግን አልነበረም። በዚህ አንድ ማነጻጸሪያ ሁለቱ ዓምዶች ተፈቱ፤ «ነጭ» የተባለው ምድብ ራሱ ሰፊ ሥርጭት እንዳለውና የሁለቱ ወገኖች ሥርጭት እርስ በርሱ እንደሚደራረብ ታየ።

ዱ ቦይስ በሂስ ብቻ አላቆመም። በ1896 እና በ1897 በፊላደልፊያ ሰባተኛ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፤ ውጤቱም በ1899 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በመጽሐፉ የከተማውን ጥቁር ሕዝብ እንደ አንድ ብዛት አላየውም፤ ከባለሀብቱ እስከ ወንጀል ውስጥ እስከወደቀው ድረስ በአራት ደረጃ ከፈለው። አከፋፈሉ ዛሬ ሊተች ይችላል፤ የሥራው መሠረት ግን ግልጽ ነው። ውጭ ያለው ሰው አንድ ዓምድ ባየበት ቦታ እርሱ ውስጡን ከፍቶ ተመለከተ።

በ1900 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹና ባልደረቦቹ ጋር ስልሳ ያህል ቻርቶች በእጅ ሥለው በቀለም አቀረቡ። አንዱ የጆርጂያን ጥቁሮች የዕድሜ ሥርጭት ከፈረንሳይ ሕዝብ ጋር ያስተያየ ነበር። ሌላው በአትላንታ የሚኖሩ የ150 ጥቁር ቤተሰቦችን ገቢና ወጪ አሳየ። በዚህ በሁለተኛው ቻርት ቤተሰቦቹ በዓመት ገቢያቸው ተመድበዋል፤ የታችኞቹ መደቦች የመቶ መቶ ዶላር ወርድ አላቸው፣ ከዚያ በላይ ያሉት የ250 ዶላር፣ የመጨረሻው ደግሞ ከ1000 ዶላር በላይ ብሎ ክፍት የተተወ ነው። በየመደቡ ያሉትን ቤተሰቦች ብዛት ማሳየት ቢፈለግ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ እኩል ያልሆነ አከፋፈል ሂስቶግራምን ያስገድድ ነበር፤ አለዚያ የሰፊው መደብ ዓምድ ያለ አግባብ ይገዝፋል። የቻርቱ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ በየገቢው ደረጃ ያለ ቤተሰብ ከገንዘቡ ስንት እጁን ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለግብርና ለሌላ ያውላል? ለዚህ ጥያቄ እኩል ርዝመት ያላቸውና በመቶኛ የተከፋፈሉ ዓምዶች ትክክለኛ ናቸው። ዱ ቦይስ የባር ቻርት ጠላት አልነበረም። ጥያቄውን አስቀድሞ፣ ሥዕሉን አስከትሎ ነበር የሚመርጠው።

ዌስት አዳምስ

ሆፍማን በክርክር ቢሸነፍም በገበያ አልተሸነፈም። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለጥቁሮች በራቸውን መዝጋታቸውን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጠሉ። ጥቁሮች የራሳቸውን የመድን ኩባንያዎች ማቋቋም የግድ ሆነባቸው፤ በሎስ አንጀለስ ይህን ያደረጉት ዊሊያም ኒከርሰን፣ ኖርማን ሂውስተንና ጆርጅ ቢቨርስ ናቸው። በ1925 በሴንትራል አቬኑ የጀመረው ሥራቸው ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ ትልቁ የጥቁሮች የመድን ኩባንያ ለመባል በቃ። ከ80 ዓመታት በላይ ከቆየ በኋላ በ2009 የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪዎች ተረከቡት። ሆፍማን መድን የማይገባው ብሎ በአንድ ዓምድ የዘጋው ሕዝብ፣ ዓምዱ በዕድሜና በጤና ሲከፈት፣ እንደ ማንኛውም ሕዝብ መድን የሚሸጥለት ሆኖ ተገኘ።

በአካባቢው ሌላም የዓምድ ጦርነት ነበር። የፌዴራሉ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን በ1939 ለሎስ አንጀለስ ባዘጋጀው ካርታ ሠፈሮችን በአራት ቀለም መደበ፤ አረንጓዴ ምርጥ፣ ቀይ አደገኛ ማለት ነው። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሠፈር የቤቶቹ ጥራት ምንም ቢሆን በአብዛኛው ቀይ ይቀባ ነበር። የእያንዳንዱ ቤት ዋጋና የእያንዳንዱ ተበዳሪ አቅም በመስመር ላይ የሚለካ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በአራት ሣጥን ተዘጋ።

በዌስት አዳምስ ሹገር ሂል በተባለው ክፍል ግን ሥርጭቱ በዓይን የሚታይ ነበር። የጎልደን ስቴቱ ኖርማን ሂውስተን፣ ተዋናይቱ ሃቲ ማክዳንኤልና ሌሎች ባለጸጋ ጥቁሮች ትላልቅ ቤቶችን ገዝተው ገቡ። አንዳንድ ነጭ ጎረቤቶቻቸው የቤቱ ውል ለጥቁር መሸጥን ይከለክላል በሚል ከሰሷቸው። ጠበቃቸው ሎረን ሚለር ነበር፤ በ1945 መጨረሻ ዳኛ ተርመንድ ክላርክ ክሱን ውድቅ አደረገው። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉት ውሎች በፍርድ ቤት ሊፈጸሙ አይችሉም ብሎ በመላው አገሪቱ ወሰነ። ሆኖም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሳንታ ሞኒካ ፈጣን መንገድ ሹገር ሂልን ሰንጥቆ አለፈ።

አንድ ሣጥን፣ ብዙ ኮረብታ

ከአዳምስና ከዌስተርን ማእዘን ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ ፌርፋክስ አቬኑ ይገኛል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ በስተ ደቡብ ያለውን የመንገዱን ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል። የከተማው ኢትዮጵያውያን የሆፍማንን መጽሐፍ ባያነቡትም፣ መጽሐፉ የተመሠረተበትን ምድብ በቆጠራ ቅጽ ላይ አግኝተውታል።

በ2010 የአሜሪካ ቆጠራ ቅጽ ላይ የጥቁሮች ሣጥን አንድ ነበር፤ ከሥሩም የሚጻፍበት መስመር አልነበረም። የኢትዮጵያውያን ብዛት የሚገመተው የትውልድ አገርና የዘር ሐረግ ከሚጠየቅባቸው ሌሎች የናሙና ጥናቶች ነበር። በ2020 ቅጹ ተለወጠ፤ ከሣጥኑ ሥር የሚጻፍበት መስመር ተጨመረ፤ ለምሳሌነት ከተዘረዘሩት መካከልም «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ገባ። ዓምዱ ተሰነጠቀ ማለት ይቻላል። ሆኖም አንድ ዓምድ ወደ ብዙ ቀጫጭን ዓምዶች መከፈሉ ያው ባር ቻርት ነው። «ኢትዮጵያውያን» የሚል የራሱ ዓምድ ቢኖርም ውስጡ እንደተዘጋ ነው።

የዚያን ዓምድ ውስጥ ለመገመት ታሪኩን ማየት ይበቃል። ከ1974ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት የመጡት አንድ ወገን ናቸው። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በሱዳንና በሌሎች አገሮች መጠለያዎች አልፈው የገቡት ሌላ ናቸው። በ1990 በወጣው ሕግ የተፈጠረውና ከ1995 ጀምሮ የሠራው የዲቪ ዕጣ ያመጣቸው ደግሞ ሌላ። እዚሁ የተወለዱትም አሉ። ትምህርታቸው፣ የቋንቋ ችሎታቸውና በአገሩ የኖሩበት ዘመን የተለያየ ነው። የእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ገቢ በሂስቶግራም ቢሣል፣ እንደ ፒርሰን ሸርጣኖች፣ ከአንድ በላይ ኮረብታ ሊኖረው ይችላል።

ምሳሌ ብቻ ይሁንና፣ አሥር ቤተሰቦችን እናስብ። ስድስቱ በዓመት 30 ሺህ ዶላር፣ አራቱ 130 ሺህ ዶላር ያገኛሉ። አማካዩ 70 ሺህ ነው። ይህ ቁጥር በባር ቻርት ላይ ከሌሎች ማኅበረሰቦች ጎን ቢቆም ደኅና ኑሮ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአሥሩ 70 ሺህ የሚያገኝ አንድም ቤተሰብ የለም። መካከለኛው ቁጥር ቢወሰድ ደግሞ 30 ሺህ ይሆንና አራቱን ይሠውራል። በሂስቶግራም ግን በመካከላቸው ሸለቆ ያለባቸው ሁለት ኮረብታዎች ወዲያው ይታያሉ። ለቤት ኪራይ ድጋፍ ወይም ለሥራ ሥልጠና ገንዘብ የሚጠይቅ የማኅበረሰብ ድርጅት በአማካዩ ዓምድ ሲመዘን «አያስፈልጋችሁም» ሊባል ይችላል፤ ስድስቱ ቤተሰቦች ግን ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ማለት ሂስቶግራም ከስሕተት ነጻ ነው ማለት አይደለም። የመደቡ ወርድ የሠዓሊው ምርጫ ነው። እነዚያው አሥር ቤተሰቦች በመቶ ሺህ ዶላር ወርድ ቢመደቡ፣ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያሉ ሁለት ተነካኪ ዓምዶች ብቻ ይሆናሉ፤ ሸለቆው ይጠፋል። በሃያ ሃያ ሺህ ቢመደቡ ይመለሳል። እጅግ ቢጠብ ደግሞ ሥዕሉ የተበታተነ እሾህ ይሆናል። ስለዚህ ወርዱን እየለዋወጡ ማየት የሥራው ግዴታ ነው።

የተጠጋጋ ዕድሜ

ሂስቶግራም ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን መረጃው የተሰበሰበበትንም መንገድ ያጋልጣል። ለዚህ ከኢትዮጵያ ቆጠራዎች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሕዝቧን ቆጥራለች፤ በመጨረሻው ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቧል። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ዕድሜ በየአንዳንዱ ዓመት በሂስቶግራም ሲሣል ልሙጥ ተዳፋት መሆን ሲገባው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። በ20፣ በ30፣ በ40፣ በ50 ላይ ረጃጅም ዓምዶች ይቆማሉ፤ በ5 የሚያበቁትም ከፍ ይላሉ፤ አጠገባቸው ያሉት 29 እና 31 ግን ይሰምጣሉ። በዐሥር ዓመት አንዴ ብዙ ሕፃናት ተወልደው አይደለም። ተጠያቂው ዕድሜውን አጠጋግቶ ስለሚናገር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት የአብዛኛው ሰው ልደት የሚታወሰው በዘመን ምልክት ነበር፦ በጣልያን ጊዜ፣ በአብዮቱ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ። የዚህ ጥላ አሜሪካ ድረስ ይከተላል፤ የልደት ማስረጃ የሌላቸው ብዙ ስደተኞች በሰነዳቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዩወሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። የአንድ የስደተኞች ማኅበረሰብ የልደት ቀን በሂስቶግራም ቢሣል በዚያች ዕለት ላይ የሚቆመው ዓምድ የወረቀት ታሪክ ነው።

ያው የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ስለ ወርድና ስፋትም ያስተምራል። ከሕዝቡ 45 በመቶ ገደማው ከ15 ዓመት በታች፣ 52 በመቶ ገደማው ከ15 እስከ 64፣ የቀረው 65 እና ከዚያ በላይ ነበር። በሦስት የተራራቁ ዓምዶች ሲሣል ረጅሙ ዓምድ የመካከለኛው ነው፤ ተመልካቹ አገሪቱን የጎልማሶች አገር አድርጎ ሊያያት ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው መደብ 15 ዓመት፣ ሁለተኛው 50 ዓመት ነው የሚሸፍነው። በሂስቶግራም ሕግ ሲካፈል፣ በልጆቹ መደብ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 3 በመቶ ያህል ሕዝብ ይደርሳል፤ በመካከለኛው ግን 1 በመቶ ያህል ብቻ። ያው ቁጥር፣ በትክክለኛው ሥዕል፣ የልጆች አገር ሆኖ ይታያል። የመማሪያ ክፍል፣ የክትባትና የነገ የሥራ ዕድል ጥያቄ ከየትኛው ሥዕል ፊት ቆሞ እንደሚነሣ መገመት አያዳግትም።

ምርጫው

ከዚህ ሁሉ ባር ቻርት የአድልዎ፣ ሂስቶግራም የፍትሕ መሣሪያ ነው የሚል ትምህርት መውሰድ ስሕተት ይሆናል። የሂስቶግራም ስም አውጪ ፒርሰን ራሱ የዘር ማሻሻል አስተምህሮ ቀንደኛ አራማጅ ነበር፤ ሥርጭትን ከማንም በላይ ማወቁ ሰዎችን በዘር ከማበላለጥ አላዳነውም። በአንጻሩ ባር ቻርት ለተበደለ ወገን ትልቅ መከላከያ ሊሆን ይችላል። አንድ ባንክ ለጥቁርና ለነጭ አመልካቾች ስንት ብድር እንደከለከለ ለማሳየት ምድቦቹ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ምድቡ ከሥዕሉ ከጠፋ በደሉም አብሮ ይጠፋል። ሁሉንም በአንድ ልሙጥ ኮረብታ ውስጥ መጨመር እንደ ሆፍማን ሁለት ዓምዶች ሊሰውር ይችላል።

ስለዚህ ምርጫው በጥያቄው ይወሰናል። ጥያቄው «የትኛው ወገን?» ከሆነና በወገኖቹ መካከል እውነተኛ ክፍተት ካለ ባር ቻርት ይበቃል። ጥያቄው «ምን ያህል፣ በየልኩስ ስንት ሰው?» ከሆነ ሂስቶግራም ያስፈልጋል። ሁለቱም በአንድነት ሲነሡ፣ ስለ ሰዎች በሚደረግ ክርክርም ዘወትር ማለት ይቻላል በአንድነት ይነሣሉ፣ መፍትሔው የየወገኑን ሂስቶግራም በአንድ ልክ፣ በአንድ የመደብ ወርድ፣ አንዱን ከሌላው ሥር ማስቀመጥ ነው። ያኔ የወገኖቹ ልዩነት ይታያል፤ የሚደራረቡበት ሰፊ ቦታም አብሮ ይታያል። ሆፍማን በ1896 የነበረውን ቁጥር በዚህ መንገድ ለመደርደር ቢገደድ ኖሮ፣ ስለ ድኽነት፣ ስለ ውኃና ስለ መኖሪያ ቤት ሳያወራ ማለፍ ይቸግረው ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት በ2024 የዘርና የብሔር መጠይቅ መመሪያውን አሻሽሎ፣ በየዋናው ምድብ ሥር ዝርዝሩ እንዲሰበሰብ አዟል። የሚቀጥለው የአሜሪካ ቆጠራ በ2030 ነው። ለፌርፋክስ ማኅበረሰብ የቆጠራ ትግል እስካሁን በአብዛኛው የራስን ዓምድ የማግኘት ትግል ነበር፤ ተገቢም ነበር፣ ስም የሌለው ሊቆጠር አይችልምና። ዓምዱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ሥራ ግን የዌስት አዳምስ የመድን ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት የጀመሩት ነው፦ በዓምዱ ውስጥ ያለውን ሰው በልኩ ማየት፣ በዝቅተኛው ኮረብታ ላይ ያለው ቤተሰብ በአማካዩ ጀርባ እንዳይጠፋ ማድረግ።